የተሸካሚዎቹ ደም

ወገዳ፣ ሐምሌ 2013 ዓ.ም

ውድ ወንድሜ ጓዴ፣

«ለጤናህ እንዴት ከርመሃል» ብዬ መጀመር ወጉ ነበር። ነገር ግን በእኛ ቤት ጤና የሚባል ነገር ከተነሣ ሌላ ጣጣ ተከትሎት ይመጣልና ወጉን ልዝለለው። እምዬ አለች። እኔም አለሁ። ቀጥሎ የምጽፍልህ ነገር ደግ ስላልሆነ፣ ከሁሉ በፊት መኖራችንን እወቅ ብዬ ነው።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ተስፋሁን ነው፣ የታች ሰፈሩ። ለሰሊጥ አረም ወደ ቋራ ይወርዳል፤ አንተ ያለህበትንም እርሻ አውቀዋለሁ ብሎኛል። ስልክ እንዳልደውል ቁጥርህን ቀይረሃል። አልፈርድብህም። አገር ምድሩ በየተራ እየደወለ ሲሰድበኝ ቢውል እኔም ሲም ካርዴን ሰብሬ እሳት ውስጥ እከተው ነበር።

የሄድክ ዕለት የተባባልነው አንድም ቃል አልጠፋኝም። ከጭነት መኪናው ላይ ሆነህ፣ «ስሜ የጠራ ቀን ላኪብኝ፤ በማግስቱ እነሣለሁ» አልከኝ። እኔም «በእኔ ጣለው» አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ዋና ሥራዬ አንተን ማስመለስ ነው የነበረው። ነርስነቱ ደመወዝ የሚከፈልበት የትርፍ ሰዓት ሥራ ሆነብኝ ብልህ ማጋነን አይደለም።

አንተ የምታውቀውን ደግሜ እዚህ የማሰፍረው ያበድኩ መስሎህ እንዳትስቅብኝ። እዚህ አገር ያንተ ታሪክ ሲወራ ብትሰማው የማን እንደሆነ ግራ ይገባሃል። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እንደነበረው ሆኖ ይቀመጥልኝ።

በእኛ መንደር የጊዮርጊስን ጽዋ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ቃሬዛ ይሸከማል። የአባቶቻችን ሕግ ነው። መኪና የሚደርሰው እስከ ሸንተረሩ ጫፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እዚያም አይደርስ። ምጥ የጠናባት፣ ከገደል የወደቀ፣ የጠና ታማሚ፣ ሁሉም አምቡላንሱ ዘንድ የሚደርሰው በማኅበርተኛው ትከሻ ነው። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ተረኛው ይደግሳል። ጽዋ የሚገባበት ቤት ሲታመምም ሲሞትም ትከሻ አያጣም። የማይገባበት ቤት እንግዲህ ለራሱ ይወቅ።

ኮሮና መጣ ሲባል ወረዳው «የፈጣን ምላሽ ቡድን አቋቁሙ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ቡድኑ ከየት ይመጣል? ያው ተሸካሚዎቹ ቡድን ተባላችሁ፤ አንተም አለቃ ተደረግህ። ያኔ እንዴት ኮራህ! ከፊላችሁ መርጫ አዝላችሁ በየገበያው ትዞራላችሁ፣ ከፊላችሁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተሠራውን ለይቶ ማቆያ ትጠብቃላችሁ፣ እኔና ጓደኞቼ ደግሞ የአላፊ አግዳሚውን ግንባር በሙቀት መለኪያ ስናሳድድ እንውላለን። አንድ ሽማግሌ ሽጉጥ ያወጣሁባቸው መስሏቸው እጃቸውን ሲሰቅሉ በሳቅ የሞትነው ትዝ ይልሃል? እንደዚያ የምንስቅበት ጊዜ ነበር።

አምና በሐምሌ ፈንታሁን ከመተማ እያሳለ መጣ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ቃሬዛ ይነሣ ተባለ። ራስጌውን የሚይዙት ሁለቱ ሰዎች የታማሚውን ትንፋሽ ሲቀበሉ እንደሚውሉ ሁሉም ያውቃል። አንዱን አግዳሚ የገዛ አባቱ ያዙ። ሌላውን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ማኅበርተኛው መሬት መሬት ሲያይ አንተ ሄደህ አነሣኸው። መንገድ ላይም «ወዲህ አትቅረቡ፣ ግርጌውን ብቻ ተቀያየሩ» እያልክ፣ በዚያ ጭቃ፣ ትከሻህን የሚቀይርህ ሳታገኝ ሸንተረሩን ወጣህ። ሰውየው ዳነ። ዘንድሮ አግብቶ ደግሷል አሉ። እሱን ማንም አልወቀሰውም፤ ታማሚ ነበራ።

ስትመለሱ ዝናብ መታችሁና የማኅበሩ መሪ፣ የሙሴው የጋሽ ጣሰው ቤት ደጃፍ ላይ ተጠለላችሁ። ሚስታቸው ወይዘሮ ፋሲካ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዳቦ ቆርሳ ጠላ ቀድታ ሰጠቻችሁ። አንተም ከእጇ ተቀብለህ በላህ። እህል ሲሰጡት የሚቀበል ሰው ወንጀለኛ ከሆነ፣ ወንጀልህ ይኸው ነው።

ከዚያ የአፍንጫ ናሙና የሚወስዱ ሰዎች ከደብረ ታቦር መጡ። «ፈቃደኛ ማን ነው?» ሲባል አንተ ብቻ ቀረብክ። ሌላው «ደህና ነኝ» እያለ በጓሮ ወጣ። ያን ሰሞን እኮ የማያስል ሰው አልነበረም! ሁሉም «ምች ነው» ይላል፤ ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ተሸፋፍኖ ያልበዋል፣ በሦስተኛው ቀን ገበያ ይወጣል። ምች አያሳፍርም፤ ጎረቤት እንኳን ሊሸሽ ቅጠሉን ቀጥፎ ይዞ ይመጣል። የሚያሳፍረው ኮሮና ነው። እናም ፈንታሁን ሆስፒታል ስለነበር ከመላ ቀበሌው አንድ ሰው ተመረመረ፣ አንድ ሰው ተገኘበት። በመዝገብ ላይ እኛ አገር ኮሮና የያዘው ሰው አንድ ብቻ ሆነ፤ ስሙም ጓዴ።

በወሩ መጨረሻ ፋሲካ ሞተች። ጋሽ ጣሰው ቀብሩ ላይ ያሉትን አልደግመውም፤ ቆመህ ሰምተኸዋል። አፈር ልታለብስ ስትቀርብ አካፋውን ከእጅህ የቀሙህም እሳቸው ናቸው። በነሐሴ ጊዮርጊስ የእምዬ ተራ ነበር። ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ፣ ቤቱን ጎዝጉዛ ስትጠብቅ ጽዋው ከእኛ ቤት አልፎ ሌላ ቤት ገባ። ማንም አልነገራትም። ከደጃፏ ቆማ ሲያልፉ አየቻቸው። አንተም በመስከረም ሄድክ። ጠላው ኮምጥጦ ተደፋ፣ እኔ ራሴ ነኝ የደፋሁት።

እስከዚህ የምታውቀው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማታውቀው።

ዘንድሮ በግንቦት ይስሐቅ የሚባል ተመራማሪ ከባሕር ዳር መጣ። ቡድኑ ከተበተነ ቆይቷል፤ መርጫዎቹም ጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ የአይጥ መጫወቻ ሆነዋል። እሱ ደግሞ የሚፈልገው የተበተኑትን ነው። በየወረዳው በፈጣን ምላሽ ቡድን ውስጥ የነበሩ ሰዎች፣ ነርሱም፣ ሾፌሩም፣ ዘበኛውም፣ ተሸካሚውም፣ ስንቱ ሳያውቀው ኮሮና ይዞት እንዳለፈ በደም ምርመራ ሊያጠና ነው። በሽታው ከለቀቀ በኋላም ደም ውስጥ ምልክት ትቶ ይሄዳል አለኝ። ክትባቱ ገና እኛ ጋ ስላልደረሰ ምልክት ከተገኘ የበሽታው ነው።

ጓዴ፣ እንዲህ ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚሉት ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ኖሯል አልኩ። ያን ጊዜ ሲያስሉ የነበሩት ሁሉ ደማቸው ይመሰክርባቸዋል፤ አንተን ብቻ አይደለም የያዘው፤ ከአንተ በፊትም ነበረ፤ ያንተ ስም ይጠራል፣ አንተም ትመጣለህ። የይስሐቅ ጥናት የእኛን ቀበሌ አያካትትም ነበር። ሻንጣውን ይዤ ለምኜ፣ ለማኝ እስክመስል ለምኜ ነው እንዲመጣ ያደረግሁት። የእምዬንም ወግ ልንገርህ፤ ዶሮዋን ልታርድለት ነበር፣ «ለደም ቀጂው ደም ላፍስስለት» ብላ። ሳቀች ስልህ። ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ማኅበርተኛው ግን እምቢ አለ። «ደማችንን ወስዳችሁ ምን ልታደርጉበት ነው?» «ወጣቱን ሊያመክኑት ነው አሉ።» የተባለው ብዙ ነው። በመጨረሻ አባ ወልደ ሩፋኤል ናቸው የገላገሉን። እሳቸውም ለይቶ ማቆያ ለገቡት ንስሐ ሊሰጡ ይመላለሱ ስለነበር ከቡድኑ ይቆጠራሉ። «ቤተ ልሔም የድጓው ትምህርት ቤት ሳለሁ ብርዱና ረኃቡ የመጠጠኝን ደም ይህች ብልቃጥ አትይዘውም» ብለው እጀጠባባቸውን ሰቅለው ቀድመው ተቀመጡ። እሳቸው ከሰጡ በኋላ ማን ወደኋላ ይላል?

ጋሽ ጣሰው መጨረሻ ላይ መጡ። ክንዳቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ፊቴን ሳያዩ «ይመርመር። ማን እንደገደላት ደሙ ያውጣው» አሉ። ገባህ? እኔ አንተን ነጻ ሊያወጣልኝ፣ እሳቸው ባንተ ላይ ሊያስፈርድላቸው፣ ሁለታችንም በአንድ ብልቃጥ ተማምነን ነበር።

ውጤቱ በሰኔ መጀመሪያ መጣ። ይስሐቅ ስልኩን ከፍቶ ሲያሳየኝ አላመንኩም። በቡድኑ ውስጥ ከነበሩት ከሦስት ሰው ሁለቱን ይዟቸው አልፏል። እኛን ነርሶቹን ያዳነን ጭምብሉ ይሁን ምን እንጃ፣ ከእናንተ እናንሳለን። ተሸካሚዎቹ ግን ከአሥሩ ስምንቱ! ፈንታሁንን ጭራሽ ያልተሸከሙት፣ በር ብቻ ሲከፍቱ ሲዘጉ የነበሩት፣ ገበያ ለገበያ መድኃኒት ሲረጩ የዋሉት ሁሉ አሉበት። የማንም ስም አልተጠራም፤ ቁጥሩ ብቻ። ለእኔ ቁጥሩ በቂ ነበር። የዚያን ዕለት ልብሴን አጥቤ አሰጣሁ፤ ልቀበልህ መናኸሪያ ስሄድ የምለብሰውን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ጋ ተሰበሰበ። ይስሐቅ ቁጥሩን ተናገረ። እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ተነሣሁ። ይኸው ሁላችሁንም ይዟችሁ ነበር፣ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ላይ ጣታችሁን ስትቀስሩ የኖራችሁት ምች ነው እያላችሁ ነው አልኳቸው። ምላሴን ታውቀዋለህ። ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ።

ሁሉም አቀርቅረው ነበርና አፈሩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ጋሽ ጣሰው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተናገሩ።

«እኔ ፋሲካዬን ብቻ የነጠቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ሰው አገር ሙሉ ነው የበከለው።»

ወይኔ ወንድሜ! ሕዝቡ አንድ ላይ «እህ» አለ። የጎደለው ነገር የተሞላለት ያህል። እኔ አንተን ላድንበት ያመጣሁት ቁጥር እዚያው ዐይኔ እያየ ባንተ ላይ ተደመረ። ያንን ሁሉ ሰው ያስያዘ አንድ ሰው ነው፣ የታወቀውም አንድ ሰው ነው፤ በነሱ ሒሳብ ሌላ መልስ የለውም። ጎረቤታችን አንዷ «ያኔ እኔም ያሳለኝ ለካ ከዚያ ልጅ ነው» ስትል ሰማኋት። እሷ እኮ ያሳላት አምና በግንቦት ነው፣ ፈንታሁን ሳይመጣ!

ወደ ይስሐቅ ዞርኩ። ንገራቸው አልኩት፣ ሰው ፊት። ከአንድ ሰው እንዳልመጣ፣ ከጓዴ በፊት እንደነበረ ንገራቸው። እሱ ጨዋ ልጅ ነው። ወደ ሕዝቡ ዞሮ፦

«ደሙ ይዞት እንደነበር ይናገራል። መቼ እንደያዘው፣ ከማን እንደያዘው አይናገርም» አለ።

በዚህ አለቀ። በኋላ ለብቻው ይዤ፣ አንዲት ቃል ብትዋሽልኝ ምን ነበረበት ብዬ ጮህኩበት። «ብዋሽልሽ ነገ ሌላው ደግሞ በሌላ ሰው ላይ እንድዋሽለት ይጠይቀኛል» አለኝ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀትን ስታመን ወረቀቱ ለካ የያዘው ነገር የለም።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም እንዳትተነፍስ። የሰው ደም ምስጢር ነው፣ ሥራዬም እንጀራዬም እሱ ነው። አንብበህ ቅደደው።

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ውጤት ጤና ጣቢያ መጥቶ እንዲጠይቅ ተነግሮ ነበር። አብዛኛው አልመጣም፤ ካንተ ነው ብለው ጨርሰውት የለ! ጋሽ ጣሰው ግን መጡ። ሰው ሁሉ ወደ ገበያ በወጣበት ቅዳሜ፣ ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን ጠብቀው ገቡ። በሩን ዘጉት። ከስተዋል ጓዴ። ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስላል።

ስለሳቸው አንተ የማታውቀው ነገር አለ። አምና በሰኔ፣ ፈንታሁን ከመምጣቱ በፊት፣ በሬ ሊሸጡ መካነ ኢየሱስ ወርደው ዘመድ ቤት ሰንብተው ነበር። ሲመለሱ አልጋ ላይ ዋሉ። ፈንታሁንን ስትሸከሙ ሙሴው ያልነበሩት ለዚህ ነው። ፋሲካ እኔ ዘንድ መጥታ የሳልና የትኩሳት መድኃኒት ወስዳለች። አንቺስ ደህና ነሽ ወይ ስላት «እሱን ምች መትቶት ነው እንጂ እኔ ምን እሆናለሁ» አለችኝ። ዳማከሴውን እየጨመቀች ያሻቸው የነበረችው፣ ራሳቸውን ደግፋ የምታጠጣቸው እሷ ናት።

ይህን ነገር ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤዋለሁ። ማስረጃ ስላልነበረኝ። አሁን ውጤታቸው ፊቴ ተቀምጧል፤ ይዟቸው ነበር። እሳቸውም ቆመዋል። ልናገረው ያሰብኩት ነገር እንደ ጸሎት ተጠንቶ ምላሴ ላይ አለ፦ «ወንድሜ አይደለም። እርስዎ ነዎት።» ይህችን ብናገር አገሩ በአንድ ቀን ይሰማታል። እኔ ባልናገር እንኳ እሳቸው አይችሏትም፣ ራሳቸው ያወጧታል። አንተም ትመጣለህ።

ውጤቱን ነገርኳቸው። ሰምተው ወዲያው አልወጡም። የመድኃኒት መደርደሪያውን ይዘው እንደቆሙ ስሜን ጠርተው፦

«ቢሆነኝ፣ እኔ ነኝ?» አሉኝ።

ምን እንደጠየቁኝ አልጠፋኝም። እሳቸውም እንዳልጠፋኝ አውቀዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ከሁሉ በላይ ሲጮኹ የኖሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰውየው ይህን ጥያቄ ይዘው ነው የሚያድሩት፤ አንተን የሚያባርሩት ጥያቄውን ለማባረር ነው። ጠላኋቸው፣ ደግሞም አንጀቴን በሉት። ሁለቱም አንድ ላይ።

«ጋሽ ጣሰው፣ ደም ከማን አይልም» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው ወጡ።

ለምን እንዳልተናገርኩ እስካሁን አላውቀውም። ደግነት ነው ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ደግ ብሆን አንተ ትዝ ትለኝ ነበር። እውነት ነው፣ ከማን እንደሆነ ደሙ አይልም። ፋሲካ ከሳቸውም፣ ካንተም፣ ከገበያም ይዟት ሊሆን ይችላል። ግን ያቺን እውነት አንተ ስትወቀስባት አልሰሙኝም፤ ለሳቸው ስትሆን ራሴ መርቄ ሰጠኋቸው። አንተን የቀበርኩበትን ቃል ለሳቸው ማረፊያ አደረግሁት። አፌ ውስጥ የነበረው መመለሻህ ነው፣ ዋጥኩት። እርገመኝ ብልህ አትረግመኝም፤ እሱ ነው የባሰው።

ጋሽ ጣሰው ውለታ የማይረሱ ሰው ሆኑ። በሳምንቱ አባ ወልደ ሩፋኤልን ይዘው እኛ ቤት መጡ። እምዬ ያን ደጃፍ የሚያንኳኳ እንግዳ ካየች ዓመት ሊሞላት ነው፤ የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ትዞር ጀመር። ልቧ እንደደከመ፣ እግሯም እንዳበጠ አልነገርኩህም። ተጋድማ መተኛት ትታ ተቀምጣ መተኛት ከጀመረች ሰንብታለች። መድኃኒቱን እኔ እሰጣታለሁ፤ እንደማይመልሳት ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

አባ ስለ ሰላምና ስለ ይቅርታ ጥቂት ተናገሩ። ከዚያ ጋሽ ጣሰው ጽዋው በሰኔ ጊዮርጊስ እኛ ቤት እንዲገባ ማኅበሩ ተስማምቷል አሉ። ቃሬዛውም ለእምዬ ይነሣል። ስትታመምም፣ እግዚአብሔር የወሰናት ቀንም፣ ማኅበርተኛው ሳይጎድል ይሸከማታል። እምዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እኔም የሰውየው ልብ ተመለሰ ብዬ፣ ሞኟ፣ ያንተን ስም ላነሣ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ጓዴ ግን አይምጣ። እትዬ ፅጌ፣ እሱን ካየሁ መቆም አልችልም። ለቀብርም ቢሆን አይምጣ።»

አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አገላብጠው አዩት። ስንቱን ሰው የሚናዝዙ አባት የሚያውቁት ነገር ይኑር አይኑር አልጠየቅኳቸውም፣ ቢኖርም አይነግሩኝም።

እምቢ ልል ተነሥቼ ነበር። እምዬ ሳታየኝ እጇን ዘርግታ ቀሚሴን ያዘችኝና «ይሁን» አለች።

ሲወጡ ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። አንተን በአንድ ጽዋ ሸጠሽው አልኳት፤ ይህን ከአፌ አወጣሁ። ጩኸቴ እስኪያልቅ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጫማዋን እንዳወልቅላት እግሯን ዘረጋች፣ እያወለቅኩላት ሳለ ነው የተናገረችው።

«ብቻዬን መቀበር ፈራሁ፣ ልጄ። ይማረኝ በይው።»

እግሯን ሳጥባት ጣቴ በገባበት ሥጋዋ ጎድጉዶ ይቀር ነበር።

አሁን የታሰርኩበትን አየህልኝ? ዛሬ ተነሥቼ ስለ መካነ ኢየሱሱ ገበያ፣ ስለ ዳማከሴው ብናገር፣ ያንተ ስም ይጠራ ይሆናል፤ የጋሽ ጣሰው ማኅበር ግን የእምዬን ቃሬዛ አያነሣም። ስትሞት እኔና አንተ እንቀርባለን፣ ሁለት ሰው። ቃሬዛ በሁለት ሰው አይነሣም፣ ከማንም በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ዝም ካልኩ ደግሞ እሷ በአገሩ ሁሉ ትከሻ ትሄዳለች፣ አንተም እስክትሞት በካይ ሆነህ ትቀራለህ። መረጥኩ። እሷን መረጥኩ። ደግሜ ብጠየቅም ምን እንደምመልስ አላውቅም።

ስለዚህ «ላኪብኝ» ያልከኝን ልኬብሃለሁ፤ አትምጣ። ተስፋሁን ሌላ ነገር ቢልህም አትስማው። እምዬ ደከመች የሚል ወሬ ቢደርስህም አትነሣ። ሞተች ሲሉህ እዚያው ካለህበት ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ስሟን ለካህኑ ስጥ፤ ክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው። ልብስህንም ቢሆን እዚያው አጥብ፣ እዚያው ሚስት አግባ። እንዲህ ያለ ምክር ከእህት የሚወጣ አልነበረም፤ እኔም ሌላ ስለሌለኝ ነው።

ጽዋው በሰኔ ሃያ ሦስት ቤታችን ገባ። ሁሉም መጡ ጓዴ፣ አንድ አልቀረም። ከደጃፉ ጀምሮ እየዘመሩ ገቡ። እምዬ ተደግፋ ቆማ ተቀበለች፣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ልነግርህ አልፈልግም። ከአንተ ጋር ራስጌ ለመያዝ ያፈገፈጉት፣ ካንተ ተጋባብን ያሉት፣ ሁሉም ከአንድ ጽዋ ጠጡ። ሲጨርሱ ጋሽ ጣሰው እንደ ሙሴነታቸው ቤቱን ለመመረቅ ተነሡ። አዝመራሽን ይባርክ፣ ቤትሽን ይሙላ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና እጃቸውን እንደዘረጉ፣ «ያለችሽን አንዲት ልጅ ያኑርልሽ» አሉ።

እምዬ አሜን አለች።

እኔም አልኩ።

እህትህ
ቢሆነኝ